የድንጋይ ከሰል በግቢ ውስጥ ማከማቸት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቤታቸውን በድንጋይ ከሰል የሚያሞቁ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት በከረጢት በመግዛት ነው። ከረጢት መሸከሙ ሲሰለቻቸው በመኪና ሙሉ ወደ ማዘዝ ይሄዳሉ። ያኔ "የት ይገልበጥ?" የሚለው ጥያቄ ይመጣል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ሰው ማከማቻ ሲያቅድ የሚያስበው ስለ አገባቡ ነው። መኪናው በየት ይምጣ፣ እንዴት ይገልብጥ። ከሰሉ ግን የሚገባው በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ነው። የሚወጣው በየቀኑ ነው፤ ያውም በብርድ፣ ያውም በጨለማ። ስለዚህ ከታች ያሉት መልሶች አካፋ ለያዘው ሰው ያደላሉ።

ማከማቻው ምን ያህል ይስፋ?

1 ቶን የድንጋይ ከሰል እንደ ዓይነቱና እንደ ፍሬው መጠን ከ1.1 እስከ 1.4 ሜትር ኩብ ይይዛል። አንትራሳይት የሚባለው ጠንካራው ከሰል ከባድ ስለሆነ ትንሽ ቦታ ይበቃዋል። ለስላሳዎቹ ሰፋ ያለ ይፈልጋሉ። ለሒሳብ 1.3 ብሎ መያዝ ይበቃል። ስለዚህ 5 ቶን ቢያዙ 6.5 ሜትር ኩብ ይሆናል።

እዚህ ላይ ግን አያቁሙ። ከሰል ሲገለበጥ ራሱን አያስተካክልም፤ ይቆለላል። የቁልሉ ጎን ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 40 ዲግሪ ያዘነብላል። ጥጋጥጉ ባዶ ይቀራል ማለት ነው። በዚያ ላይ አዲስ ከሰል የሚያዝዙት አሮጌው ሙሉ በሙሉ ሳያልቅ ነው፤ እሱም ቦታ ይዟል። ለ5 ቶን ወደ 8 ሜትር ኩብ ቢያዘጋጁ አይቆጭዎትም። ወለሉ 2.5 በ2.2 ሜትር፣ ከፍታው 1.5 ሜትር ቢሆን በትክክል ይደርሳል።

ከፍ አድርጌ ብሠራው ቦታ አልቆጥብም?

መሬት ይቆጥባሉ፣ በሌላው ሁሉ ግን ይከስራሉ። ከ1.5 ሜትር በላይ ሲሆን አካፋው አይደርስም። ግድግዳው ላይ ያለው ግፊትም ከፍታው በጨመረ ቁጥር በጣም ይበረታል። ለስላሳ ከሰል ከሆነ ደግሞ ቁልሉ ሲወፍር ውስጡ መጋል ይችላል፤ ወደዚህ እንመለስበታለን።

የት ልሥራው?

በየቀኑ ከሚወጡበት በር አጠገብ ይሁን። "መኪናው እንዲመቸው" ብለው ከግቢው ዳር ያስቀመጡ ሰዎች ክረምቱን ሙሉ ባልዲ ተሸክመው በበረዶና በጭቃ ይመላለሳሉ። መኪናው አንድ ቀን ቢቸገር ይሻላል።

ከዚያ መሬቱን ይዩ። ዝናብ የሚተኛበት ቦታ አይሆንም። ከከሰል ላይ የሚወርድ ውሃ ጥቁር ነው፣ ድኝ ያለበት ከሰል ከሆነም አሲድነት አለው። ወደ ጉድጓድ ውሃ፣ ወደ አትክልት ቦታ ወይም ወደ ጎረቤት እንዳይፈስ አድርገው ያዙሩት።

ከእንጨት የሚሠሩ ከሆነ ከቤቱ ግድግዳ ጋር አያጣብቁት። የጭስ ማውጫ፣ የሞቀ ቱቦ ወይም የቦይለር ክፍል ግድግዳም አይጠጋው። ከሰል ከጎኑ ያለማቋረጥ ሙቀት ሲያገኝ አይወድም።

ግድግዳው ምን ያህል መጠንከር አለበት?

ብዙ ማከማቻ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሰው የከሰሉን ክብደት ወለሉ ብቻ የሚሸከመው ይመስለዋል። ከሰል ወደ ጎንም ይገፋል።

1.5 ሜትር ከፍታ ያለው አንትራሳይት በእያንዳንዱ የግድግዳ ሜትር ርዝመት ላይ 340 ኪሎ ያህል ክብደት የሚያሳርፈውን ግፊት ይፈጥራል። 2.5 ሜትር ርዝመት ያለው ግድግዳ ላይ 850 ኪሎ ገደማ መሆኑ ነው። ከፍታው 1 ሜትር ብቻ ቢሆን በሜትር ወደ 150 ኪሎ ይወርዳል። ግፊቱ የሚጨምረው በከፍታው ካሬ ስለሆነ፣ ትንሽ ዝቅ ማድረግ ብዙ ያቀልላል። ይህ ከሰሉ ዝም ብሎ ተቀምጦ ሳለ ነው። ከመኪና ላይ ሲወርድ የሚመታው ምት በዚህ ላይ ይጨመራል።

በእንጨት ሲሠራ 10 በ10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቋሚ ከ80 ሳንቲ ሜትር በላይ ሳይራራቅ ይተከል። ከ80 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ያህልም መሬት ውስጥ ይግባ፣ ዙሪያው በኮንክሪት ይሞላ። ጣውላው ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ይወፍር። ትልቁ ምስጢር ግን ይሄ ነው፦ ጣውላው የሚመታው ከቋሚው በውስጥ በኩል ነው። ያኔ ከሰሉ ጣውላውን ቋሚው ላይ ይጫነዋል። በውጭ በኩል ከመቱት ግን ክብደቱን በሙሉ የሚሸከመው ሚስማሩ ነው። ሚስማር ደግሞ እየተነቀለ ይሄዳል። ከውጭ ሲያዩት ያምራል፣ እስከ ሁለተኛው ክረምት።

ግድግዳው ረጅም ከሆነ ሁለቱን ፊት ለፊት ያሉ ጎኖች በብረት ዘንግ እርስ በርስ ማሰር ጥሩ ዘዴ ነው። ሁለቱም ወደ ውጭ ስለሚገፉ አንዱ ሌላውን ይይዘዋል። ዘንጉ አካፋ የማይነካው ቦታ ላይ ይሁን እንጂ። መሐል ላይ ካስገቡት በየቀኑ ይረግሙታል።

ከምን ብሠራው ይሻላል?

ገንዘብና ጉልበት ካለ አርማታ የሚስተካከለው የለም። አይበሰብስም፣ አይቃጠልም፣ አካፋ አይፈራም።

ብሎኬት ብዙ ሰው ይመርጣል። ነገር ግን ፌሮ ያልገባበት፣ ቀዳዳው በኮንክሪት ያልተሞላ ብሎኬት ለ1.5 ሜትር ከሰል አይታመንም። ብሎኬት ከላይ የሚጫነውን ይችላል፣ ከጎን ሲገፉት ግን መጋጠሚያው ላይ ይከፈታል።

ተደራራቢ ትልልቅ የኮንክሪት ድንጋዮችም አሉ። 60 በ60 በ120 ሳንቲ ሜትር የሆነው አንዱ ብቻ 1 ቶን ገደማ ይመዝናል። የሚያነሳ ማሽን ከተገኘ ሥራው በግማሽ ቀን ያልቃል፣ ቤት ሲቀይሩም ይዘውት ይሄዳሉ። እኔ ብጠየቅ ቦታና ማሽን ላለው ሰው ከሁሉ በፊት የምጠቁመው ይህንን ነው።

እንጨት ርካሽና ቀላል ነው። በመድኃኒት የታከመውን ይጠቀሙ። የተረፈውን ቁራጭ ግን ምድጃ ውስጥ እንዳይጨምሩት፤ ጭሱም አመዱም መርዛማ ነው።

ላሜራና ቆርቆሮ ለጣሪያ እንጂ ለግድግዳ አልመክርም። እርጥብ ከሰል ውስጥ ያለው ድኝ ብረት ይበላል። ዚንክ የተቀባውም ቢሆን ይዘገያል እንጂ አይቀርለትም። የዕቃ ማመላለሻ ፓሌትን አቁሞ ማሰር ለአንድ ቶን ያህል፣ ለአንድ ክረምት ይሆናል። ከዚያ በላይ አይጠብቁበት።

ወለሉ አፈር ቢሆንስ?

አፈር ከሆነ የታችኛው ከሰል ጭቃ ውስጥ ይቀበራል፣ የገንዘብዎን ጥቂት ክፍል መሬቱ ዋጠው ማለት ነው። ጠጠር ማንጠፍም ሌላ ጣጣ አለው። አካፋው ጠጠሩን ከከሰሉ ጋር ይዞ ይመጣል። ጠጠር አይነድም። ጠጠሩ ከሰል በራሱ በሚመግብ ምድጃ ውስጥ ከገባ ደግሞ ጠመዝማዛውን መጋቢ ይቆልፈዋል። ሌሊት ላይ ነው የሚቆልፈው፣ ሁልጊዜ።

10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ የብረት መረብ የገባበት ኮንክሪት ከሁሉ ይሻላል። በእያንዳንዱ ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ፊት ይዘንብል፣ ውሃው ራሱ ይወጣል። ላዩ ልሙጥ ይሁን፤ አካፋ የሚንሸራተትበት ወለል ጀርባን ያድናል።

በረንዳ ላይ ወይም ከእንጨት በተሠራ ከፍ ያለ ወለል ላይስ?

አይሞክሩት። 1.5 ሜትር ከፍታ ያለው ከሰል በካሬ ሜትር 1,350 ኪሎ ያህል ይጭናል። የመኖሪያ ቤት ወለል በተለምዶ የሚሠራው በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ገደማ እንዲችል ተደርጎ ነው።

በሩ እንዴት ይሁን?

እንደ ቤት በር የሚከፈት በር አይሆንም። ከሰል ተደግፎት አይከፈትም፤ በግድ ከተከፈተ ደግሞ ከሰሉ እግርዎ ላይ ይወርዳል። የሚሠራው መንገድ አንድ ነው። በግራና በቀኝ ቦይ ያለው ቋሚ ይተክሉና ጣውላዎችን አንዱን በአንዱ ላይ ከላይ ያስገባሉ። ከሰሉ ዝቅ ሲል ከላይ ያለውን ጣውላ እያነሱ ይሄዳሉ። መኪና ሲመጣ መልሰው ይደረድሩታል።

ቦዩን ጠባብ አያድርጉት። እንጨት ሲረጥብ ያብጣል። ጣውላው በደረቀ ጊዜ በ1 ሳንቲ ሜትር ያህል ላላ ብሎ ቢገባ ጥሩ ነው። ጣውላዎቹን በቁጥር ምልክት ያድርጉባቸው፤ ከአንድ ዓመት በኋላ የትኛው የት እንደነበረ የሚያስታውስ ሰው የለም።

ከታች ባለው ጣውላ ላይ አካፋ የምታስገባ ትንሽ መስኮት መተውም ይቻላል። ከሰሉ እየወረደ ራሱን ያቀርባል። ወለሉ ዝርግ ከሆነ የኋለኛው ግማሽ ግን አይመጣም፤ ገብተው መሳብ ይኖርብዎታል። ከሰሉ ራሱ እስከ መጨረሻው እንዲንሸራተት ወለሉ ወደ 45 ዲግሪ መዘንበል አለበት። ያ ደግሞ የማከማቻውን ግማሽ ቦታ ይበላል። ለአነስተኛ ማከማቻ አያዋጣም ባይ ነኝ።

ከሰሉ ሩዝ በሚያክል ደቃቅ ፍሬ የተዘጋጀው ከሆነ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነ ስንጥቅ ሁሉ ያፈስሳል። ለትልልቁ ፍሬ ስንጥቅ ችግር የለበትም። እንዲያውም ውሃ ያወጣል።

ጣሪያ ግድ ነው? ከሰል ቢረጥብ ምን ይሆናል?

የተለመደው መልስ "እርጥብ ከሰል አይነድም" የሚል ነው። እስቲ እናስላው። 1 ቶን ከሰል ላይ 5 በመቶ ተጨማሪ ውሃ ቢኖር 50 ኪሎ ውሃ ነው። ያንን አሙቆ ለማትነን 130 ሜጋ ጁል ያህል ሙቀት ይጠፋል። 1 ኪሎ ጥሩ ከሰል 27 ሜጋ ጁል ገደማ ስለሚሰጥ፣ የጠፋው 5 ኪሎ ያህል ከሰል ነው። ከ1,000 ኪሎ 5 ኪሎ። ብዙ አይደለም።

ጣሪያ የሚያስፈልገው በሌላ ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ውሃ ያዘለ ከሰል በብርድ ጊዜ ይጋገራል። ሁለተኛ፣ እርጥብ ብናኝ መጋቢውን ይደፍናል፣ ብረቱንም ያዝገዋል። ሦስተኛ፣ ለስላሳ ከሰል፣ በተለይ ሊግናይት የሚባለው ቡናማ ከሰል፣ ሲረጥብና ሲደርቅ ይሰነጣጠቅና ወደ ብናኝ ይለወጣል። አንትራሳይት ውሃ እምብዛም አይመጥም፤ ምድጃውም በእጅ የሚሞላ ከሆነ ያለ ጣሪያ እንኳ ይከርማል።

ሸራ ማልበስ ይቻላል፣ ርካሽ ነው። ግን መሐሉ ላይ ውሃ ይቋጥራል፣ ውሃው በረዶ ይሆናል፣ ከዚያ ሸራውን ማንሳት አይቻልም። ከሥሩ ተዳፋት የሚሰጥ አንድ ማገር ቢኖር ይገላገላሉ።

ጣሪያ ከሠሩ በማጠፊያ የሚከፈት ይሁን፣ ወይም መኪናው ሲመጣ የሚነሳ። አንድ ትልቅ ክዳን ከማድረግ ሁለት ትንንሽ ይሻላል፤ አንድ ሰው ሊያነሳው ይችላል። ተከፍቶ ሲቆም ነፋስ እንዳይጥለው የሚይዝ ሰንሰለት ያድርጉለት። ክዳንና ግድግዳው መሐል አየር የሚያልፍበት ክፍተት አይጥፋ።

የድንጋይ ከሰል በራሱ ይቀጣጠላል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፣ ግን ሁሉም ከሰል አይደለም። ከሰል ከአየር ኦክስጅን ጋር በዝግታ ይዋሃዳል፣ ሲዋሃድም ጥቂት ሙቀት ይሰጣል። ሙቀቱ ከወጣ ምንም የለም። ቁልሉ ውስጥ ከታፈነ ግን እየተጠራቀመ ይሄዳል። ሙቀቱ ሲጨምር ውህደቱ ይፈጥናል፤ ሲፈጥን ደግሞ ሙቀቱ ይብሳል። ሊግናይት ከሁሉ ይፈራል። ቀጥሎ ቢቱሚነስ የሚባለው የተለመደው ለስላሳ ከሰል አለ። አንትራሳይት ላይ ይህ ችግር የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ከማዘዝዎ በፊት ሻጩን ዓይነቱን ይጠይቁ።

ነገሩን የሚያባብሱት ጥቂት ነገሮች ናቸው። ብናኝ የበዛበት ከሰል፣ ረጅም ቁልል፣ የደረቀ ከሰል ላይ የወረደ ዝናብ፣ ከጎን የሚመጣ ሙቀት። አንድ ሌላም አለ፣ ሰው የማያስበው፦ አሮጌ ከሰል ላይ ዓመት ዓመት አዲስ መገልበጥ። የታችኛው ሳይነካ ዓመታት ያስቆጥራል። ማከማቻውን በመከፋፈያ ለሁለት ቢከፍሉት አንዱን ጨርሰው ወደ ሌላው ይሄዳሉ። የእንጨት ፍቅፋቂ፣ ገለባ፣ ዘይት የነካው ጨርቅ ከሰሉ ውስጥ አይደባለቅ።

ምልክቱ ብዙ ጊዜ ሽታ ነው፣ ናፍጣ ናፍጣ የሚል። ከቁልሉ ላይ እንፋሎት መነሳት፣ ወይም በረዶ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ቀልጦ መታየትም ምልክት ነው። የተጠራጠረ ሰው የብረት ዘንግ ወደ ውስጥ ይሰካል፣ ቆይቶ ያወጣዋል። በእጅ የማይያዝ ከሆነ ውስጡ ግሏል። ገና ጭስ ካልተነሳ ያንን ቦታ ቆፍሮ አውጥቶ መሬት ላይ ስስ አድርጎ መበተን ነው፣ ይቀዘቅዛል። ላዩ ላይ ውሃ ማርከፍከፍ ውስጥ ያለውን አያገኘውም። ጭስ ካዩ ግን ቁፋሮውን ትተው ወደ እሳት አደጋ ይደውሉ።

ከማከማቻው የሚወጣ ጋዝ አለ?

ክፍት በሆነ የግቢ ማከማቻ ላይ አያሳስብም። ዙሪያውን ጥርቅም ተደርጎ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ግን ከሰሉ ኦክስጅኑን ይወስዳል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድም ሊለቅ ይችላል። ይህ ጋዝ አይሸትም፣ አይታይም። ተዘግቶ የከረመ ማከማቻ ውስጥ ጭንቅላትዎን ከማስገባትዎ በፊት ከፍተው በደንብ ያናፍሱት።

በብርድ ተጋግሮ አልቆፈር ቢለኝስ?

ዶማ ይያዙና ከላይ ጀምረው ያፍርሱት። ከሥር እየቦረቦሩ መሄድ ቀላል ይመስላል። ላዩ እንደ ጣሪያ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ከዚያ ባልታሰበ ሰዓት ይናዳል። 1 ሜትር ኩብ ከሰል ከ700 ኪሎ በላይ ይመዝናል።

ጨው መርጨት መፍትሔ አይደለም። በረዶውን ያቀልጠዋል፣ በኋላ ግን ቦይለሩንና የጭስ ማውጫውን ይበላል። በእሳት ማቅለጥ የሚለውን ሐሳብ ማንም አያምጣው።

መኪናው ከመምጣቱ በፊት ምን ልጠይቅ?

አወራረዱን። ገልባጭ መኪና ሙሉውን በአንዴ የሚያራግፍ ከሆነ የኋላው 2.5 ሜትር ያህል ይሰፋል፤ የማከማቻዎ አፍ 3 ሜትር ካልሆነ ግማሹ ውጭ ይፈስሳል። ሌሎቹ ከኋላ በር ላይ ባለች ትንሽ መስኮት በአሸንዳ ያወርዳሉ። ያኔ የአሸንዳው ርዝመትና የግድግዳዎ ከፍታ መመጣጠን አለበት። ግድግዳውን ከመሥራትዎ በፊት ደውለው ቢጠይቁ ጥሩ ነው። ከሠሩ በኋላ ጠይቀው ግድግዳ የሚያፈርሱ አሉ።

ወደ ላይም ይመልከቱ። ሲገለበጥ ሳጥኑ በጣም ከፍ ይላል፤ የመብራት ሽቦ ባለበት መገልበጥ አይቻልም። ወደ ታችም ይመልከቱ። ሙሉ ጭነት የያዘ መኪና በሴፕቲክ ታንክ ላይ ወይም ዝናብ ባለሰለሰው መሬት ላይ አይለፍ። ዕለቱ ነፋሻማ ከሆነ ጎረቤት ልብስ እንዳያሰጣ አስቀድመው ይንገሩ፤ ሰላም የሚጠበቀው በዚህ ነው። ትንሽ ውሃ ረጨት ማድረግ አቧራውን ያበርዳል። የሚያስተካክለው ሰው የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ያድርግ፤ የከሰል ብናኝ ሳንባ ውስጥ ከገባ በቀላሉ አይወጣም።

ልጆች ቢወጡበት ችግር አለው?

አለው። ቁልል ይንሸራተታል፣ እግር ይውጣል፣ ከባዱ ክዳንም ሊወድቅ ይችላል። ክዳኑን ይቆልፉ።

አመዱን እዚያው ጥግ ላይ ላጠራቅም?

በፍጹም። የቀዘቀዘ የሚመስል አመድ ውስጡ ለቀናት ፍም ሊይዝ ይችላል። ክዳን ያለው የብረት በርሜል ውስጥ ጨምረው ከከሰሉም ከቤቱም ራቅ አድርገው ያስቀምጡት።

ፈቃድ ያስፈልገዋል?

እንደየአካባቢው ነው። ከአጥር የሚኖረው ርቀት፣ የግንባታው ከፍታና የጎርፍ ውሃ አወራረድ ላይ ደንብ ሊኖር ይችላል። የቤት መድን ካለዎት ኩባንያውንም ይጠይቁ። አንዳንድ ቦታ የከሰል ጭስ ራሱ የተከለከለ ነው፤ ያንን ሳያጣሩ ግድግዳ አይጀምሩ።

ከታች የሚቀረውን ብናኝ ምን ላድርገው?

ከታች ሁልጊዜ ብናኝ ይቀራል፣ ማከማቻው ጥፋት ስላለበት አይደለም። አዲስ ጭነት ከመምጣቱ በፊት ጠርገው ያውጡት፤ ከላይ እንዳልነው ቁልል ውስጥ የሚግለው በብዛት እሱ ነው። ለማቃጠል ከፈለጉ በደንብ በነደደ እሳት ላይ፣ በጥቂት በጥቂቱ፣ ከፍሬው ከሰል ጋር ቀላቅለው ይጨምሩት። በአንዴ ካለበሱት እሳቱ ይታፈናል፣ ከሥር ጋዝ ይጠራቀማል፣ ከዚያ ቡፍ ብሎ የምድጃውን በር ሊከፍተው ይችላል።